የሰው ልጅ ሥነ ተዋልዶ መጣጥፎችን በመደብ የማደራጀት መመሪያ

በአማርኛ ውክፔዲያ ስለ እንሽርት ውሃ የተጻፈ አንድ ገጽ አለ እንበል። ከግርጌው የተለጠፈበት መደብ «ጤና» ብቻ ነው። ሰባተኛ ወሯን የያዘች እናት ገጹን አንብባ መደቡን ብትነካ የሚመጣላት ወባ፣ የጥርስ ሕመም፣ የስኳር በሽታና ክትባት ነው። ውሃው ከ37ኛው ሳምንት በፊት ሲፈስ ምን እንደሚያስከትል፣ ምጥ በምን ምልክት እንደሚጀምር፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ምን ዓይነት እንክብካቤ እንደሚያስፈልገው የሚያስረዱ ገጾች ምናልባት ተጽፈው ተቀምጠዋል። እሷ ግን አታገኛቸውም። በአማርኛ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ገና ጥቂት ነው፤ ያለውም ተበታትኖ ከተቀመጠ እንደሌለ ይቆጠራል።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በውክፔዲያ ላይ በፈቃደኝነት ለሚሠሩ የታሰቡ ናቸው። የጤና ትምህርት ጽሑፎችን በድረ ገጽ፣ በቴሌግራም ቻናል ወይም በቤተ መጻሕፍት ለሚያደራጅ ሰውም፣ የገጽ ኮዱን ከሚመለከተው ደረጃ በስተቀር፣ እንዳለ ይሠራሉ።

1. መደብ ከመክፈት በፊት ርዕሶቹን ሰብስቡ

ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ባዶ መደቦችን በመክፈት ነው። እንዲህ ሲሆን ገጾቹ ለመደቡ ሲባል ይጎተታሉ። መጀመሪያ በኤክሴል ወይም በወረቀት ላይ ያሉትን ርዕሶች ሁሉ ዘርዝሩ። ስትፈልጉ በአንድ ቃል አትወሰኑ፤ እርግዝና፣ ነፍሰ ጡር፣ ጽንስ፣ ወሊድ፣ ምጥ፣ አራስ፣ ማህፀን፣ የወር አበባ፣ መካን፣ ጡት ማጥባት እያላችሁ ፈልጉ። በሁለት ዓይነት ፊደል የሚጻፈውን ቃል በሁለቱም ሞክሩ፤ «ፅንስ» ብሎ የፈለገ «ጽንስ» ተብሎ የተጻፈውን ላያገኝ ይችላል።

ከጤና ውጭ ያሉትንም አትርሱ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና የሚነሡበት ሥርዓት፣ የወንጀል ሕጉ ስለ ጽንስ ማቋረጥ የሚለው፣ የፌስቱላ ሐኪሟ ካትሪን ሃምሊን፣ የልምድ አዋላጅ፤ እነዚህ ሁሉ ወደ ዝርዝሩ ይገባሉ።

2. ለእያንዳንዱ ርዕስ «ይህ ነገር ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ

ከርዕሱ አጠገብ ሁለተኛ ዓምድ ክፈቱና መልሱን በአንድ ቃል ጻፉ። የአካል ክፍል ነው? በሰውነት ውስጥ የሚካሄድ ሂደት ነው? የዕድሜ ወይም የእርግዝና ደረጃ? በሽታ? ሕክምና? መድኃኒት ወይም መሣሪያ? ሰው? ተቋም? ሕግ? ልማድ?

«ከምን ጋር ይያያዛል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ማህፀን ከወር አበባም፣ ከእርግዝናም፣ ከካንሰርም ጋር ይያያዛል፤ በዚህ መንገድ ከተሄደ አንድ ገጽ አሥር መደብ ይለጠፍበትና አሥሩም ትርጉም ያጣሉ። ምንድን ነው ሲባል ግን የአካል ክፍል ነው። አለቀ።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ይህን መለየት ከጀመሩ ቆይተዋል። መጻሕፍትን በጉዳያቸው ቁጥር እየሰጠ በሚለየው የዲዊ ምደባ ሰውነት እንዴት እንደሚዋለድ የሚያስረዳ መጽሐፍ 612.6 ላይ ይቀመጣል፤ ስለ እርግዝና መከላከያ የሚናገረው 613.9 ላይ፤ የማህፀንና የወሊድ ሕክምናው 618 ላይ፤ የልደት ልማድና ወጉ ደግሞ 392.1 ላይ። ጉዳዩ አንድ ነው፤ የሚጠይቀው ሰው ግን አንዴ ተማሪ፣ አንዴ ባለትዳር፣ አንዴ ሐኪም፣ አንዴ የባህል ተመራማሪ ነው።

3. መዋቅሩን ከላይ ወደ ታች ሥሩ

ከሁሉ በላይ «የሰው ልጅ ሥነ ተዋልዶ» የሚል መደብ ይኑር። የእሱ የበላይ፣ እንስሳትንና ዕፅዋትን ጭምር የሚይዘው «ሥነ ተዋልዶ» ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ፤ ስለ ንብ መራባት የተጻፈ ገጽ ከምጥ ጎን ሲቀመጥ ማንንም አይረዳም።

ከሥሩ እኔ የምመክራቸው ንዑስ መደቦች እነዚህ ናቸው፦ የሥነ ተዋልዶ አካላት፤ የሥነ ተዋልዶ ሂደቶች፣ ማለትም ጉርምስና፣ የወር አበባ ዑደት፣ የወንድ ዘርና እንቁላል መገናኘት፣ ማረጥ፤ እርግዝና፤ ወሊድና አራስነት፤ የእርግዝና መከላከያ፤ መካንነት፤ የሥነ ተዋልዶ በሽታዎች፤ በመጨረሻም ሕጉን፣ ልማዱን፣ ታሪኩን፣ ሰዎቹንና ተቋማቱን የሚይዝ «ሥነ ተዋልዶና ማኅበረሰብ»። ለጊዜው ይበቃል። የእንግሊዝኛውን ውክፔዲያ መዋቅር እንዳለ ማምጣት ፈታኝ ነው፤ ያ ግን እጅግ ብዙ ገጽ ላለው ስብስብ የተሠራ ስለሆነ እኛ ጋ ሲመጣ አንድ አንድ ገጽ ብቻ የያዙ መደቦች ይፈለፍላሉ። ቢያንስ አምስት ገጽ ከሌላችሁ አዲስ ንዑስ መደብ አትክፈቱ።

አሁን ጠንቀቅ ማለት የሚያስፈልግባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ።

አንደኛው ጤናማውን ከሕመሙ መለየት ነው። እርግዝና በሽታ አይደለም፤ የወር አበባም፣ ማረጥም እንዲሁ። «እርግዝና» የሚለውን መደብ «በሽታዎች» ሥር ካስገባችሁ በውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይገባል፤ የጽንስ እድገት በሽታ ሆነ ማለት ነው። መፍትሔው «የእርግዝና ችግሮች» የሚል ንዑስ መደብ ከፍቶ እሱን ብቻ በሁለት በኩል ማያያዝ ነው፦ በአንድ በኩል ከ«እርግዝና»፣ በሌላ በኩል ከ«በሽታዎች»። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊት፣ ከማህፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝና፣ ያለ ጊዜው የሚመጣ ምጥ እዚያ ይገባሉ። ስህተት መኖሩን ለማወቅ ከታች ወደ ላይ አንብቡ፤ አንዱ እርከን ላይ «ይህማ እውነት አይደለም» ካላችሁ ማያያዣው እዚያ ጋ ተበላሽቷል።

ሁለተኛው እናትንና ሕፃንን መለየት ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ እርግዝናን፣ ወሊድንና አራስነትን በምዕራፍ 18 ያስቀምጣል፤ ጽንሱንና ጨቅላውን በወሊድ ዙሪያ የሚያገኛቸውን ችግር ደግሞ በምዕራፍ 19። እኛም እንከተል። ከወለዱ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ የእናት ነው፤ የጨቅላ ሕፃን ቢጫነት የሕፃኑ ነው። እስከ 28 ቀን ያለው ሕፃን «ጨቅላ ሕፃናት» በሚል መደብ ይያዝ።

ሦስተኛው ወንዱ ነው፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ብዙ ስብስቦች ላይ ሥነ ተዋልዶ በጠቅላላ «የሴቶች ጤና» ሥር ተጠቃልሎ ይገኛል። የዘር ፍሬ፣ ፕሮስቴት፣ የወንዶች ቋሚ የእርግዝና መከላከያ ታዲያ የት ይሂዱ? ከሁሉ የከፋው የመካንነት ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መካንነትን የሚተረጉመው ለ12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ያለ መከላከያ መደበኛ ግንኙነት ተደርጎ እርግዝና አለመፈጠር ብሎ ነው፤ ምክንያቱም ከወንዱ፣ ከሴቷ ወይም ከሁለቱም ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ግን ልጅ ሲዘገይ መጀመሪያ የምትጠየቀው ሚስት ናት፤ በዚህ የተነሣ የፈረሰ ትዳር፣ ወደ ቤተሰቧ የተመለሰች ሴት በየሰፈሩ አለ። «መካንነት»ን «የሴቶች በሽታዎች» ሥር ስታስገቡ ያንን ፍርድ በማጣቀሻ ጽሑፍ ታጸድቃላችሁ። ስለዚህ በቀጥታ ከዋናው መደብ ሥር ይሁን፤ ውስጡ ላይ የወንድም የሴትም ገጾች ጎን ለጎን ይቀመጡ። የዲዊ ምደባ የወንዱን በ616.6፣ የሴቷን በ618 ይለያያል፤ መጽሐፍ አንድ መደርደሪያ ላይ ብቻ ስለሚቀመጥ ነው። ገጽ ግን በአንድ ጊዜ በሁለት መደብ መኖር ስለሚችል እኛ እንዲህ የመለያየት ግዴታ የለብንም።

4. ስሙንና ፊደሉን አንድ አድርጉ

ኮምፒዩተር ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ አያይም። «ሥነ ተዋልዶ» እና «ስነ ተዋልዶ» ለእሱ ሁለት መደብ ናቸው፤ በፊደል ተራም በሠ እና በሰ መካከል ረ ስላለ ተራርቀው ይቀመጣሉ። ማህፀን፣ ማሕፀን፣ ማኅፀን፣ ማህጸን ሲሆን ደግሞ አራት ይሆናሉ። የትኛው ትክክል ነው የሚለው ክርክር እዚህ አይፈታም፤ በስብስቡ ውስጥ አብዛኛው ገጽ የሚጠቀምበትን ምረጡና በውይይት ገጹ ላይ አስታውቁ። ለመጣጥፎቹ ከሌሎቹ አጻጻፎች መምሪያ መንገድ፣ ማለትም አንባቢውን ወደ ተመረጠው ስም በራሱ የሚወስድ ገጽ፣ ሥሩ። ለመደብ ግን መምሪያ መንገድ ብቻ አይበቃም፤ በአሮጌው ስም የተለጠፉት ገጾች እዚያው ይቀራሉ። አንድ በአንድ እየከፈታችሁ ከግርጌ ያለውን የመደብ ለጣፊ መቀየር አለባችሁ።

ርዕሰ ጉዳይ በነጠላ ይጻፍ፦ እርግዝና፣ መካንነት። የሚቆጠሩ ነገሮች በብዙ ቁጥር፦ የእርግዝና ችግሮች፣ የማህፀን ሐኪሞች። ስም ስትመርጡ ጤና ጣቢያ ውስጥ አዋላጅ ነርሷ የምትጠቀምበትን ቃል ውሰዱ። በማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን መከላከያ «ሉፕ» ሲሉት ሁሉም ያውቀዋል፤ ከመዝገበ ቃላት የተፈበረከ ረጅም ስም ለገጹ ማብራሪያ ይሁን እንጂ ለመደብ ስም አይሁን።

5. አስቸጋሪዎቹን ገጾች ለብቻ ያዙ

ዝርዝራችሁ ውስጥ አብዛኛው ርዕስ እስካሁን ቦታውን አግኝቷል። የቀሩት ናቸው ሥራ የሚጠይቁት።

ኮንዶም ቀላሉ ነው፤ እርግዝናንም በግንኙነት የሚተላለፍ በሽታንም ስለሚከላከል በሁለቱ መደቦች ይገባል። ኦክሲቶሲንም እንዲሁ፤ ሰውነት የሚሠራው ሆርሞን ነው፣ ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የሚሰጥ መድኃኒትም ነው። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እንክብልን ብዙ ሰው ከጽንስ ማቋረጥ ጋር ይመድበዋል። አይደለም፤ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት መውጫውን በማገድ ወይም በማዘግየት ነው የሚሠራው፣ የተፈጠረ እርግዝናንም አያቋርጥም። ቦታው «የእርግዝና መከላከያ» ነው፤ እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት አንዲትን ወጣት በጊዜው መረጃ እንዳታገኝ ሊያደርጋት ይችላል።

ፌስቱላ ሲመጣ አንድ ርዕስ የሚመስለው ነገር ሦስት ይሆናል። ምጡ ረዝሞ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናትን አካል ለረጅም ሰዓት ሲጫን የሚፈጠረው ቀዳዳ፣ የወሊድ ፌስቱላ፣ የወሊድ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የተከፈተው የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ተቋም ነው፤ «በአዲስ አበባ የሚገኙ ሆስፒታሎች» እና «ሥነ ተዋልዶና ማኅበረሰብ» ውስጥ ይግባ። ከባለቤታቸው ከሬጂናልድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ካትሪን ሃምሊን ደግሞ ሰው ናቸው፤ «የማህፀን ሐኪሞች» ውስጥ ይገባሉ። ሰውንና ሕንፃን በሽታ መደብ ውስጥ አታስገቡ፤ በየገጹ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ማያያዣ አንባቢውን ያደርሰዋል።

ሾተላይ ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልገው ገጽ ነው። በሕዝቡ ዘንድ ልጅ እየተወለደ የሚሞትባት እናት ያለባት ነገር ተብሎ የሚታመን አለ፤ ሐኪሞች ደግሞ ቃሉን የእናትና የጽንስ ደም በአርኤች ዓይነት ሳይጣጣም ሲቀር ለሚመጣው ችግር ይጠቀሙበታል። ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ ተደባልቀው ከሆነ መጀመሪያ ገጹን ለሁለት ክፈሉት። እምነቱ «የልደት ልማዶች» ውስጥ፣ የደም አለመጣጣሙ «የእርግዝና ችግሮች» ውስጥ ይግባ፤ በየገጹ አናት ላይም ወደ ሌላኛው የሚመራ አንድ መስመር ይጻፍ። ይህ መከፈል ሕይወት ይነካል። የአርኤች አለመጣጣም በእርግዝና ጊዜ በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ ከወሊድም በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ በሚሰጥ መርፌ መከላከል የሚቻል ነገር ነው፤ ያንን መረጃ የምትፈልግ እናት ልማድ የሚተርክ ገጽ ላይ ተይዛ መቅረት የለባትም።

ውርጃም መከፈል አለበት። በራሱ የሚመጣ ውርጃ የእርግዝና ችግር ነው፤ ጽንስ ማቋረጥ የሕክምና ተግባር ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች የሚዘረዝረው ደግሞ ሕግ ነው። ሦስቱን በጅምላ «ወንጀል» ሥር ማስገባትም፣ በጅምላ «መብት» ሥር ማስገባትም ለአንባቢው ፍርድ መስጠት ነው። በራሱ የወረደባት እናት «ወንጀል» የሚል መደብ ከገጹ ግርጌ ስታይ የሚሰማትን አስቡት። ሕጉ «የኢትዮጵያ ሕጎች» ውስጥ ይሁን፤ የተቀረው በየቦታው።

የሴት ልጅ ግርዛት በሽታም ሕክምናም አይደለም። በአገራችን በሥራ ላይ ያለው ስያሜ «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች» ስለሆነ እዚያ ይግባ፤ አንቀጽ 565 እና 566 የሚከለክሉት ድርጊት በመሆኑ ከሕጉ ገጽ ጋር ይያያዝ። በወሊድ ላይ የሚያመጣው ጉዳት ራሱን የቻለ ገጽ ካለው ግን ያ ገጽ «የወሊድ ችግሮች» ውስጥ ይገባል።

በቤተ ሙከራ የሚፈጠር ጽንስ የመካንነት ሕክምና ነው። በዚህ መንገድ መጀመሪያ የተወለደችው ሉዊዝ ብራውን፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1978፣ እና ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ሮበርት ኤድዋርድስ የታሪክ መደብ ሰዎች ናቸው። የወንድ ዘርን እ.ኤ.አ. በ1677 በማይክሮስኮፕ ያየው ሊዩዌንሁክና የአጥቢዎችን እንቁላል እ.ኤ.አ. በ1827 የገለጸው ፎን ቤር ገጽ ካላቸው ከእነሱ ጋር ይሰለፉ።

6. ለጣፊውን በገጹ ላይ ጻፉ

በገጹ መጨረሻ [[መደብ:እርግዝና]] ብላችሁ ጻፉ። ለመደቡ ዋና ለሆነው ገጽ [[መደብ:እርግዝና| ]] በሉት፤ ከመስመሩ ቀጥሎ ያለው ባዶ ቦታ ገጹን ከዝርዝሩ አናት ያወጣዋል። በጽሑፍ ውስጥ መደቡን መጥቀስ ብቻ ስትፈልጉ ከፊቱ ሁለት ነጥብ ጨምሩ፦ [[:መደብ:እርግዝና]]። ያለ ነጥቡ ከሆነ የውይይት ገጻችሁ ራሱ እርግዝና መደብ ውስጥ ይገባል።

አማርኛ ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፦ የ። «የማህፀን በር ካንሰር»፣ «የጡት ካንሰር»፣ «የፕሮስቴት ካንሰር» ሁሉም በየ ስለሚጀምሩ ዝርዝሩ ከሞላ ጎደል አንድ ፊደል ሥር ይከመራል። መፍትሔው መደርደሪያ ቃል መስጠት ነው፤ [[መደብ:የሥነ ተዋልዶ በሽታዎች|ማህፀን በር ካንሰር]] ብትሉ ርዕሱ ሳይለወጥ ገጹ ማ ሥር ይሰለፋል። ሰዎችን በራሳቸው ስም ደርድሩ፤ አማርኛ አንባቢ ካትሪን ሃምሊንን የሚፈልጋት ካ ላይ ነው።

7. ለየመደቡ አጭር መግቢያ ጻፉ

የመደቡ ገጽ ባዶ ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣው አርታኢ እንደመሰለው ይሞላዋል። ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ለምሳሌ፦ «ይህ መደብ በወንድም በሴትም በኩል ስለሚከሰት መካንነት፣ ስለ ምክንያቶቹ፣ ስለ ምርመራውና ስለ ሕክምናው የተጻፉ ገጾችን ይይዛል። ከተፈጠረ በኋላ ስለሚወርድ እርግዝና የተጻፉትን ‹የእርግዝና ችግሮች› ውስጥ ያስገቡ።» ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ምን እንደማይገባና ያ የት እንደሚሄድ ካልተጻፈ ድንበሩ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል።

8. በሌላ ሰው ፈትኑት

በሥራው ያልተሳተፈ ሰው ጋብዙ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም በቅርቡ የወለደች ዘመድ ብትሆን ይመረጣል። ጥያቄ ስጧት፦ ጡት እያጠባሁ ማርገዝ እችላለሁ? በክንድ የሚቀበረው መከላከያና ሉፕ ልዩነታቸው ምንድን ነው? እንግዴ ልጁ ቢዘገይ ምን ይደረጋል? የመፈለጊያውን ሳጥን ሳትጠቀም በመደብ ብቻ እየሄደች ታግኝ። እናንተ ዝም ብላችሁ የምትነካውን ተመልከቱ። መጀመሪያ የሄደችበት ቦታ ላይ ገጹ ካልነበረ እሷን አታርሟት፤ ገጹን እዚያም ለጥፉት። ለምሳሌ ጡት ማጥባትን «ወሊድና አራስነት» ውስጥ አስቀምጣችሁ እሷ «ጨቅላ ሕፃናት» ውስጥ ከፈለገችው ሁለቱም ቦታ ትክክል ነው።

በመጨረሻ የቴክኒክ ፍተሻ አድርጉ። መደብ ያልተለጠፈባቸውን ገጾች ዝርዝር ከልዩ ገጾች አውጡና ከመጀመሪያው ሰንጠረዣችሁ ጋር አስተያዩ። አንድ መደብ ዞሮ የራሱ የበላይ እንዳይሆን ከታች እስከ ላይ ተከተሉት። ከ200 ገጽ በላይ የያዘ መደብ በአንድ ማያ ላይ ሙሉ በሙሉ ስለማይታይ ከዚያ ሳይደርስ ወደ ንዑስ መደብ ክፈሉት። አንድ ገጽ ብቻ ይዞ ዓመት ያለፈውን ደግሞ ከበላዩ ጋር ቀላቅሉት፤ አዲስ ጸሐፊ መጥቶ ስድስት ገጽ ቢጽፍበት በማግስቱ መልሶ መክፈት ይቻላል።